ፈረሰኛው ከየትኛው ብረት ወጣ?

በአንድ ሳንቲም ላይ የምናየው ልዩነት ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሳንቲሙን በመታው የማተሚያ ብረት ላይ ነበረ፣ ወይ ሳንቲሙ ከብረቱ ሥር ከወጣ በኋላ ደረሰበት። የድሮ የሩሲያ የብር ገንዘቦችን በዓይነት ለመለየት የተቀመጠ ሰው ማጉያ መነጽሩን፣ ሚዛኑንና የማስታወሻ ደብተሩን ይዞ የሚደክመው ይህችን አንዲት ጥያቄ ለመመለስ ነው። መልሱ «ብረቱ ላይ ነበረ» ከሆነ በእጁ የያዘው የአንድ ቅርጽ አውጪ የእጅ ሥራ ነው፤ በሆነ ከተማ፣ በሆነ ዓመት፣ አንድ ሰው ብረት ላይ ጎንበስ ብሎ የቆፈረው መስመር ነው። መልሱ «በኋላ የደረሰ ነው» ከሆነ ግን የገበያ፣ የኪስና የአፈር ጠባሳ ነው። ጠባሳውን እንደ ልዩ ዓይነት ቆጥረው በውድ የሚሸጡ አሉ፤ በውድ የሚገዙም አሉ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ልዩነቱ ቀላል የሚመስላቸው አንባቢዎች ነገሩ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ እንዲያዩልኝ ነው።

ሙያውን ያወቅሁት በ1980ዎቹ በሌኒንግራድ ተማሪ ሳለሁ ነው። ትምህርቴ ከገንዘብ ታሪክ ጋር አይገናኝም ነበር። የአንድ ጓደኛዬ አያት ሰብሳቢ ነበሩ፤ ሻይ እየጠጣን ጥቃቅን ብሮቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉልኝ ነበር። እንደ ማንኛውም ጀማሪ በመጀመሪያ የንጉሡን ስም ለማንበብ ስታገል አይተው «ልጄ፣ ዛሩን ተወው፤ ፈረሱን እይ» አሉኝ። ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ መግቢያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የዘረጉልኝ ሽቦ ኮፔክ ነበር። አስፈሪው ኢቫን ገና ሕፃን ሳለ በእርሱ ስም ታስተዳድር የነበረችው እናቱ ዬሌና ግሊንስካያ በ1535 (የሩሲያን ዓመታት የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሞስኮን ገንዘብ ስታስተካክል፣ ከአንድ ግሪቬንካ ብር፣ ማለትም ከ204 ግራም ጥቂት ከሚበልጥ ብር፣ 300 ኮፔክ እንዲወጣ ሆነ። አንዱ ኮፔክ 0.68 ግራም ያህል ይመዝናል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ብሩ ወደ ሽቦ ይሳባል፣ ሽቦው በልክ ይቆራረጣል፣ ቁራጩ በመዶሻ ይጠፈጠፋል፣ ከዚያ በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ በመዶሻ ይመታል። በአንዱ ገጽ ጦር የያዘ ፈረሰኛ፣ በሌላው በበርካታ መስመር የተጻፈ የገዢው ስምና ማዕረግ ይወጣል። ከአንድ ጣት ጥፍር የሚያንስ፣ ዳር ዳሩ ያልተስተካከለ ነገር ነው። ሩሲያውያን ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ «ቼሹያ»፣ የዓሣ ቅርፊት ይሉታል። ታላቁ ጴጥሮስ በመጨረሻ እስካስቆመው እስከ 1718 ድረስ በዚሁ መንገድ ተመታ፤ በእርሱ ዘመን ክብደቱ ወርዶ ወርዶ 0.28 ግራም ደርሶ ነበር።

ችግሩም ውበቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በብረቱ ላይ የተቀረጸው ሥዕል ከብሩ ጥፍጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ብረቱን ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ኮፔክ እምብዛም አይገኝም። አንዱ የፈረሱን ራስና የጦሩን እጀታ ይዞ ይወጣል፤ ሌላው የፈረሱን ጅራትና ከእግሩ በታች ያለውን ፊደል ይይዛል፤ ሦስተኛው ዘውዱን ብቻ። ብረቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ብረት የወጡ በርካታ ኮፔኮችን ፈልጎ፣ ቁራጭ በቁራጭ ገጣጥሞ፣ ከጠፋ ከ300 ዓመት በላይ የሆነውን ብረት በወረቀት ላይ መልሶ መሥራት አለበት። የጓደኛዬ አያት ይህን የሚያደርጉት በአሳላፊ ወረቀትና በእርሳስ ነበር። ዛሬ ፎቶግራፍ አንስተን በኮምፒውተር አንዱን በሌላው ላይ እናነባብራለን፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።

ሁለት ኮፔኮች ከአንድ ብረት መውጣታቸውን የሚያረጋግጠው መልካቸው መመሳሰሉ አይደለም። ርቀትና አንግል ነው። የፈረሱ ጆሮ ጫፍ ከጦሩ ምን ያህል ይርቃል? ጦሩ የፈረሱን የፊት እግር የሚያቋርጠው ከጉልበቱ በላይ ነው ወይስ በታች? ከሁለተኛው መስመር ሦስተኛው ፊደል ከላዩ ካለው ፊደል በስተግራ ነው ወይስ ቀጥ ብሎ ከሥሩ? በአንድ ብረት ውስጥ እነዚህ ነገሮች አንዳቸው ከሌላው አይሸሹም። ብሩ ቢሰነጠቅ፣ ዳሩ ቢቆረጥ፣ ግማሹ ቢያልቅ፣ የቀረው ግማሽ ልኩን ይጠብቃል። በሁለተኛ ብረት ላይ ግን ቅርጽ አውጪው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንድ ቦታ እጁ ፈቀቅ ይላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ ብረቶች ከባዶ የተቀረጹ አይደሉም። ቅርጽ አውጪው መጀመሪያ ሥዕሉ ወጣ ብሎ የሚታይበት አንድ ጠንካራ ብረት ያዘጋጃል፤ ሩሲያውያኑ «ማቶችኒክ» ይሉታል፣ እኔ እናት ብረት እለዋለሁ። ከእርሷ በመዶሻ እየተመቱ በርካታ የሥራ ብረቶች ይወጣሉ። ስለዚህ ፈረሰኛው በሁለት ኮፔኮች ላይ በርቀትም በአንግልም አንድ ሆኖ ብረቶቹ ግን ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያያቸው ከዚያ በኋላ በእጅ የተጨመረው ነው፤ ከፈረሱ እግር ሥር የተቀመጠ ፊደል፣ የደከመ መስመርን ለማጠናከር የተቆፈረ ጭረት፣ አንዲት ነጥብ። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚፈተነው። እናቲቱን ያወቀ ሁሉ ልጆቹን አወቀ ማለት አይደለም፤ ማስታወሻ ሲይዙም ሁለቱን ለየብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ነጥቧስ ከየት መጣች? ለዚህ አንድ ሕግ አለ፤ በማንኛውም አገር ለማንኛውም ተመትቶ ለሚሠራ ገንዘብ ይሠራል። ብረቱ ላይ የተቆፈረው በሳንቲሙ ላይ ወጣ ብሎ ይታያል። ብረት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ቦይ ነው፤ ብሩ ቦዩን ይሞላና በሳንቲሙ ላይ ቀጭን ከፍ ያለ መስመር ይሆናል። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ይቦረቡረዋል፤ በሳንቲሙ ላይ እንደ ብጉር ያሉ ጥቃቅን እብጠቶች ይወጣሉ። ሳንቲሙ ራሱ ሲጫር ግን ጭረቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነጥቧ ከፍ ያለች ከሆነች የብረቱ ልትሆን ትችላለች፤ ጎድጓዳ ከሆነች ግን በአብዛኛው ሳንቲሙ በኋላ የደረሰበት ነው። በብርሃን አቅጣጫ ዓይን ስለሚታለል ሳንቲሙን እያዞሩ ከሁለት ወገን ማየት ግድ ነው። መዶሻው ሁለት ጊዜ ያረፈበት ኮፔክም አለ፤ ፈረሰኛው ሁለት ራስ፣ ፈረሱ ስድስት እግር ይኖረዋል። ይህ የብረት ልዩነት አይደለም፤ የአንድ ምት ታሪክ ነው፤ ከዚያው ብረት የወጡት ሌሎቹ አንድ ራስ ብቻ አላቸው።

አሁን ወደ ፈረሱ ልመለስ። ሁለቱ ብረቶች እኩል አያልቁም። በላይ ሆኖ መዶሻውን የሚቀበለው ቶሎ ይሰበራል፤ በግንድ ላይ ተተክሎ ከታች የሚቆየው ይሰነብታል። አንዱ ሲሰበር ሌላው ገና ደህና ስለሆነ አዲስ ጓደኛ ይሰጠዋል። እንዲህ እያለ አንድ ፈረሰኛ ከሦስት የስም ገጾች ጋር፣ ሦስተኛው የስም ገጽ ደግሞ ከሌላ ፈረሰኛ ጋር ሲጣመር ሰንሰለት ይሠራል። በሰንሰለቱ ላይ ስንጥቁ ገና ያልጀመረበት ኮፔክ ቀዳሚ ነው፤ ስንጥቁ ፈረሱን ከአንገት እስከ ጭራ የከፈለበት ተከታይ ነው። ዓመት ያልተጻፈበት ገንዘብ በዚህ መንገድ ቅደም ተከተሉን ይናገራል። በኤርሚታዥ ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት ኢቫን ስፓስኪ፣ በሞስኮ የታሪክ ሙዚየም ደግሞ አላ ሜልኒኮቫ የሩሲያን ሽቦ ገንዘብ ያጠኑት ብረትን ከብረት እንዲህ እያያያዙ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀውን አድካሚ ሥራ ስለሠሩ ስማቸውን በአክብሮት እጠራለሁ።

ይህ ዘዴ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚታየው ሩሲያውያን «የሁከት ዘመን» በሚሉት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። ዛር ፊዮዶር ኢቫኖቪች በ1598 ያለ ወራሽ ሞተ። ከዚያ በኋላ ቦሪስ ጎዱኖቭ፣ አስመሳዩ ድሚትሪ፣ ቫሲሊ ሹይስኪ ተከታትለው ነገሡ። ሹይስኪ በ1610 ከዙፋን ወረደ፤ ሞስኮ በፖላንድ ሠራዊት እጅ ገባች፤ በከተማዋም በፖላንዳዊው ልዑል በቭላዲስላቭ ስም ኮፔክ ይመታ ጀመር። በ1611 ስዊድናውያን ኖቭጎሮድን ያዙ፤ እስከ 1617ም ቆዩ። በ1612 ደግሞ በሚኒንና በፖዣርስኪ የተመራው የሕዝብ ጦር ወደ ሞስኮ ከመዝመቱ በፊት በያሮስላቭል ሰፍሮ ለወታደሮቹ የሚከፍለውን ብር ራሱ መምታት ነበረበት።

በማን ስም ይምቱ? ዙፋኑ ባዶ ነው፤ ዛር የለም። የሕዝቡ ጦር የመረጠው ከ14 ዓመት በፊት የሞተውን የፊዮዶር ኢቫኖቪችን ስም ነው፤ ከአሮጌው ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው፣ ማንም የማይከራከርበት ዛር እርሱ ነበርና። ስዊድናውያኑም በኖቭጎሮድ የራሳቸውን ንጉሥ ስም አልጻፉም፤ ዙፋኑን ባጣው በቫሲሊ ሹይስኪ ስም መምታቱን ቀጠሉ፤ የገንዘብ ማተሚያ ቤቱም ብረቱም እዚያው ነበር፤ ነጋዴው የሚያምነውም የለመደውን ገንዘብ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ፊዮዶር ኢቫኖቪች» የሚል ኮፔክ በእጅህ ገባ እንበል። ስሙን ብቻ ካነበብክ «ከ1584 እስከ 1598» ብለህ ትጽፍና ወደ ሳጥኑ ትመልሰዋለህ። የፈረሰኛውን ብረት ካየህ ግን ሌላ ነገር ይገለጥልሃል፤ ከፈረሱ ሥር ያሮስላቭልን የሚያመለክቱ ፊደላት አሉ፣ ቅርጹም በፊዮዶር ዕድሜ ከተቀረጹት ጋር አይገጥምም። ሚዛን ላይ ስታስቀምጠውም ከ0.68 ግራም ይጎድላል፤ በሁከቱ ዓመታት የኮፔኩ ክብደት እየተሸረሸረ ሄዶ፣ በሚካኤል ሮማኖቭ ዘመን መጀመሪያ ከአንዱ ግሪቬንካ 400 ኮፔክ ይወጣ ነበርና። በእጅህ የያዝከው የሞተ ዛር ስም የተሸከመ፣ አገሩን ነፃ ሊያወጣ የተሰለፈ ወታደር ደመወዝ ነው። «ዛሩን ተወው፤ ፈረሱን እይ» ማለት ይህ ነው። ስም ፖለቲካ ነው፤ ማንም በማንም ስም ያስጽፋል። ብረት ግን ሲያልቅ ያልቃል፣ ሲሰነጠቅ ይሰነጠቃል፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄድም ዱካውን ይዞ ይሄዳል።

የኖቭጎሮድ ኮፔኮች ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ልዩ ደስታ አላቸው፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በዛር ፊዮዶር የመጨረሻ ዓመታት የኖቭጎሮድ ማተሚያ ቤት ከፈረሱ እግር ሥር ዓመት መጻፍ ጀመረ። ዓመቱ የተጻፈው በፊደል ነው፤ አንዱ መቶን፣ ሁለተኛው አራትን ይወክላል። የስላቮን ፊደል ቁጥሩን የወሰደው ከግሪክ ነው፤ የእኛም የግዕዝ ቁጥር እንዲሁ። በዚያ ኮፔክ ላይ «ኤር» እና «ዴ» ሆነው የተቀመጡት ምልክቶች በእኛ ፻ እና ፬ ናቸው፤ ሁለቱም ከግሪኮቹ «ሮ» እና «ዴልታ» የተወለዱ እህትማማች ናቸው። ፻፬ ሲል ሺሁን ትቶ 7104 ማለቱ ነው፤ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የሚቆጠር ዓመት፣ እንደ እኛው ዓመተ ዓለም ያለ። ዓመታቸውም በመስከረም ይገባ ነበር፤ ታላቁ ጴጥሮስ በ1700 ወደ ጥር እስኪያዛውረው ድረስ። ልዩነቱ እነርሱ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5508 ዓመት ሲቆጥሩ እኛ 5500 እንቆጥራለን፤ የልደቱንም ዓመት የምናስቀምጠው በተለያየ ቦታ ነው። የእነርሱ 7104 ከ1595 መስከረም እስከ 1596 ነሐሴ ነው፤ በእኛ 7104 ዓመተ ዓለም ግን 1604 ዓመተ ምሕረት ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ በግዕዝ ቁጥር እያነበበ ያደገ ሰው ብዙ የውጭ ሰብሳቢዎች በሰንጠረዥ የሚፈቱትን ጉዳይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠብቀዋል።

በማሽን ስለተመቱት ትልልቅ ሩብሎች አጠር አድርጌ ልናገር፤ ገበያው ስለ እነርሱ ከሚገባው በላይ ይናገራልና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኒኮላይ አንደኛ ሩብል ላይ ሰብሳቢዎች የአበባ ጉንጉኑ 7 ወይም 8 ማያያዣ እንዳለው፣ በንስሩ ደረት ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካባ ለብሶ ወይም ሳይለብስ እንደሆነ፣ በንስሩ ጭራ ስንት ላባ እንዳለ ይቆጥራሉ። እነዚህ እውነተኛ የብረት ልዩነቶች ናቸው፤ ቅርጹ በታደሰ ጊዜ የመጡ ናቸው። ከእነርሱ በታች ግን የአንድ ነጥብ ከፊደል መራቅ ወይም መቅረብ እንደ ትልቅ ግኝት ሲቸበቸብ አያለሁ። ፊደሉ አንድ በአንድ በትንሽ ማኅተም በብረቱ ላይ ይመታ በነበረበት ዘመን ነጥብ መራቁ አይቀርም፤ የሚደንቀው ባይርቅ ነበር። አንድ ልዩነት ዋጋ የሚኖረው ስለ ሥራው አንድ ነገር ሲነግረን ነው፤ ብረቱ መቼ ተቀየረ፣ ማን ሠራው፣ የት ተመታ።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው «የት ተመታ» የሚለውን የሚመልሰውን የኒኮላይ ሁለተኛን ሩብል ነው። ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ነው። በሴንት ፒተርስበርግ የተመታው የማተሚያ ቤቱን ኃላፊ የስም መነሻ ፊደላት ይይዛል፤ አፖሎን ግራስጎፍ፣ ፌሊክስ ዛሌማን፣ ባባያንትስ፣ ቪክቶር ስሚርኖቭ። በ1890ዎቹ የገንዘብ ማሻሻያ ወቅት የአገር ውስጡ ማተሚያ ቤት ብቻውን ስላልቻለ ከፊሉ ውጭ አገር ተመታ፤ በፊደላቱ ቦታ አንድ ኮከብ ያለው ከፓሪስ፣ ሁለት ኮከብ ያለው ከብራስልስ ነው። የፓሪሱን ሩብል በያዝኩ ቁጥር የዳግማዊ ምኒልክ ብር ይታሰበኛል፤ ያም በዚያው ማተሚያ ቤት፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው የተመታው። የምኒልክን ብር የሚለዩም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ የ1887 እና የ1889 ዓ.ም. ብር ላይ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን አንሥቷል፤ ከ1892 ወዲህ በተመታው ላይ የቀኙን። ያ በእርግጥ አዲስ ብረት ነው።

የብረት እውቀት ትልቁ ጥቅሙ ግን ሐሰቱን ለመለየት ነው። እዚህ ላይ አስቸጋሪ የሆነ አንድ የሩሲያ ልማድ አለ፤ «ኖቮዴል» ይባላል። ማተሚያ ቤቱ ራሱ ለባለጸጋ ሰብሳቢዎች ደስታ የጥንት ገንዘቦችን እንደገና ይመታ ነበር፤ አንዳንዴ በአዲስ ብረት፣ አንዳንዴ በመጋዘን በተገኘ በአሮጌው። ልማዱ የቆመው በ1890 ነው፤ ለዚህም የደከሙት ራሳቸው ታላቅ ሰብሳቢና መዝጋቢ የነበሩት ልዑል ጊዮርጊ ሚካኢሎቪች ናቸው። ከአሮጌው ብረት በኋላ የተመታው ቅርጹ ትክክል ነው፤ ርቀቱም አንግሉም ይገጥማል። የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ዝገቱ ነው። ብረቱ መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ ዝጎ ስለነበር በሳንቲሙ ሜዳ ላይ፣ ማለትም ሥዕልና ጽሑፍ በሌለበት ጠፍጣፋ ቦታ፣ እብጠቶች ይታያሉ፤ በዘመኑ ከተመቱት ላይ ግን የሉም። ጠርዙም ብዙ ጊዜ ይናገራል፤ ሚዛኑም ከዘመኑ ልክ ይወጣል።

የዛሬው ሐሰተኛ ደግሞ ከእውነተኛ ሳንቲም ላይ ቅርጽ ገልብጦ ብረት ይሠራል። ስለዚህ ሥዕሉ እንከን የለውም፤ ከመዝገብ ጋር ብታስተያየው ይገጥማል፤ ልምድ ያለውንም ያሳስታል። ነገር ግን ሲገለብጥ የዚያን አንድ ሳንቲም ጠባሳ አብሮ ይገለብጣል። ለዚህ ነው ጠባሳን ከብረት ምልክት መለየት የማያዝናና ሥራ ሆኖ እንኳ ችላ የማይባለው። ወደ ውስጥ የገባ ጭረት የአንድ ሳንቲም ብቻ ገጠመኝ ነው፤ በሁለት ሳንቲሞች ላይ በአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ርዝመት ሊገኝ አይችልም። ከተገኘ ቢያንስ አንዱ ሐሰት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም። የያዛችሁትን ሩብል ለመግዛት ከመቁረጣችሁ በፊት የዚያኑ ዓመትና የዚያኑ ዓይነት ሌሎች ፎቶግራፎችን ፈልጉና ከሥዕሉ ይልቅ ጭረቶቹን አስተያዩ፤ በጉንጩ ላይ ያለው ሰረዝ በሌላው ጉንጭ ላይም ካለ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።